ለዘለልሽው ሴል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሐዋሳ ዝናቡ ገብቶ ሁላችንም ደኅና ነን።

ባለፈው እሑድ በስልክ «አባዬ፣ ቤዞፊልን ዘልዬዋለሁ፤ ከመቶ ነጭ የደም ሴል አንድ የማይሞላ ሴል ለፈተና አይመጣም» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ይህን እጽፍልሻለሁ። 28 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ የደም ሴል ስቆጥር ኖሬ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመቁጠሪያችን ላይ ከነጭ የደም ሴሎች ሁሉ የሚበዛው የኒውትሮፊሉ ቁልፍ ከመነካት ብዛት ፊደሉ ተፍቆ ጠፍቶ ነበር። የቤዞፊሉ ግን እንደ አዲስ ነበረ። አንዳንድ ቀን ታዲያ ከዘይት ሌንሱ ሥር አንዱ ብቅ ይላል፦ ጥቁር ሐምራዊ ጠጠሮቹ ኒውክለሱን እስኪሸፍኑት ሞልተውት፣ የበሰለ እንጆሪ መስሎ። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ በ1879 የገለጸው ይህንኑ ሴል ነው። ባገኘሁት ቁጥር እጄን ከቁልፉ አንሥቼ ጥቂት አየው ነበር።

አምስት ዓመት ሳይሞላሽ አሞራ ገደል ወስጄሽ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አብልቼሽ ነበር። ያን ዕለት ምንም አልሆንሽም። በሌላ ጊዜ ግን ሁለተኛውን ጉርሻ ሳትውጪ ከንፈርሽ አበጠ፣ ድምፅሽም ተዘጋ፤ ታቅፌሽ ወደ ሐኪም ሮጥኩ። በሁለቱ ቀናት መካከል ሰውነትሽ ዓሣውን እንደ ጠላት መለየት ተምሮ ነበር።

ሰውነትሽ ይህን የተማረው ቲ ሴል በተባለው የመከላከያ ነጭ የደም ሴል በኩል ነው። ቲ ሴል ወዴት እንደሚያመራ የሚወስነው በዙሪያው ያለው መልእክት ነው። ኢንተርሊውኪን 4 የተባለው የመልእክት ፕሮቲን ከደረሰው ሁለተኛው ዓይነት ረዳት ሴል ወደ መሆን ያዘነብላል፤ ሌላው ነጭ የደም ሴል፣ ቢ ሴልም፣ በዚያው መልእክት ኢሙኖግሎቡሊን ኢ የተባለውን አንቲቦዲ (ባዕድ ነገርን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ወደ ማምረት ይዞራል። በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት ሴሎች መካከል ይህን መልእክት ፈጥኖና አብዝቶ የሚያመነጨው ቤዞፊል ነው። የሚያሳብጠውንና የሚያሳክከውን ሂስታሚን በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ ኢንተርሊውኪን 4 በሰዓታት፣ ኢንተርሊውኪን 13 ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ይከተላል። የተመረተው አንቲቦዲ ተመልሶ በቤዞፊሉ ገጽ ላይ ይጣበቃል። አንቲቦዲው በበዛ መጠን የሚቀበሉት ተቀባዮችም በሴሉ ላይ ይበዛሉ። ስለዚህ ያው ዓሣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሴሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ አዲስ መልእክትም ይለቅና ዙሩ ይቀጥላል። በእርግጥ ቤዞፊል ብቻውን አይደለም፤ በቆዳና በአንጀት ውስጥ ያለው ማስት ሴልም አብሮት ይሠራል። መንገዱም ለጉዳት የተሠራ አይደለም፤ ሰውነት ወስፋትን የመሳሰሉ የሆድ ትሎችን የሚታገለው በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። በፈረንጆቹ 2009 የወጡ የአይጥ ጥናቶች ቤዞፊል ራሱ አንቲጅን (ሰውነት እንደ ባዕድ የሚለየውን ነገር) ይዞ ለቲ ሴል ያሳያል ብለው ነበር። በሰው ቤዞፊል ላይ ይህ ችሎታ አሳማኝ በሆነ መንገድ አልታየም። በሰው ላይ ጎልቶ የሚታየው ሥራው መልእክቱ ነው። ስለ ሰው ሲጠይቁሽ የአይጡን መልስ እንዳትጽፊ።

ለፋሲካ ስትመጪ ያስቀመጥኩልሽን ስላይድ አብረን እናየዋለን። እናትሽ ናፍቆቷን ልካለች፤ ሐኪሙ የሰጠሽን መድኃኒት ከቦርሳሽ እንዳታወጪም አደራ ብላለች።

አባትሽ