ሁለት መቶ ሊትር ባሕር

ሱሉልታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሰብለ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ቸሩ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን በመልካም ጤንነት ላይ እገኛለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል፤ መልስ ሳልሰጥሽ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። በዚያ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «አንቺ የኬሚስትሪ መምህርት ነሽና እስቲ ንገሪኝ፤ ባሕርን ቤት ውስጥ ማኖር ይቻላል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሐዋሳ ላይ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ለማኖር እንዳሰብሽ ሳነብ፣ ከመጻሕፍት ቃርሜ ልመልስልሽ ልቤ አልፈቀደም። ራሴ ሞክሬው፣ ውኃው ጸንቶ፣ ዓሣዎቹም ከርመው ካየሁ በኋላ እጽፋለሁ ብዬ ብጀምር ነገሩ ካሰብሁት በላይ ረዘመ። አሁን ገንዳው ሁለተኛ ክረምቱን ተሻግሯል፤ ስለዚህ የምጽፍልሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ገንዳውን ያሠራሁት መስታወት ቆርጠው በሲሊኮን ከሚያጣብቁ ባለሙያዎች ዘንድ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሳንቲሜትር፣ የመስታወቱ ውፍረት 10 ሚሊሜትር ሲሆን ወደ 200 ሊትር ውኃ ይይዛል። ውኃው፣ መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲደመር ከ300 ኪሎ ስለማያንስ ማቆሚያውን በያጅ በወፍራም ብረት ሠራልኝ። ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ አሰብ ላደገ ሰው አይነገረውምና ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ከገንዳው ሥር ፎም አንጥፌ፣ በውኃ ልክ አስተካክዬ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይደርስበት ግድግዳ አጠገብ አስቀመጥሁት።

ውኃው ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። የሰፈራችን ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣና በሻይ ማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ነው፤ ለእኛ ለመጠጥ መስማማቱ ለባሕር ፍጥረት ይስማማል ማለት አይደለም። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውኃውን በግፊት እጅግ በረቀቀ ወንፊት በማሳለፍ የሚያጣራ አነስተኛ መሣሪያ ከቧንቧው ጋር አገናኘሁ። ውኃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ በመሆኑ፣ በእነዚያ ሌሊቶች እየነቃሁ ጀሪካን እለዋውጥ ነበር። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለማግኘት ሦስት ሊትር ያህል ይጣላል፤ የሚጣለውን ለጓሮ ጎመኔ አደረግሁት። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ስለሆነ አንቺ ዘንድ ይህ ማጣሪያ ከእኔም ይብስ ያስፈልግሻል።

ስለ ጨው ደግሞ አንድ ዘመዴ «መርካቶ ጨው በኩንታል እየተሸጠ ለምን ከውጭ አገር የመጣ ጨው ትገዣለሽ?» ብሎ ሞግቶኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አገራችን ከደናክል ሜዳ የተቆረጠውን አሞሌ ለዘመናት እንደ ገንዘብ የተገበያየችበት አገር ናት። ይሁን እንጂ የባሕር ውኃ ሲተን ማዕድናቱ በአንድ ጊዜ አይዘቅጡም። መጀመሪያ ኖራና ጄሶ ይለያሉ፣ ቀጥሎ የምግብ ጨው ይረጋል፣ ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ እስከ መጨረሻ ፈሳሹ ውስጥ ይቆያሉ። ከሜዳው የሚቆረጠው አሞሌ እንግዲህ የባሕሩ አንድ ንብርብር እንጂ ባሕሩ በሙሉ አይደለም። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ካለው 35 ግራም ያህል ጨው ውስጥ 85 በመቶ የሚሆነው ሶዲየምና ክሎራይድ ሲሆን፣ ቀሪው 15 በመቶ ነው ለቀንድ አውጣው ቅርፊቱን፣ ለኮራሉ አጥንቱን የሚሰጠው፤ 400 ሚሊግራም ካልሲየምና 1,300 ሚሊግራም ማግኒዥየም ከዚያ ይገኛሉ። ለአኳሪየም፣ ማለትም ለዓሣ ገንዳ፣ ተብሎ የተቀመመውን ጨው መግዛት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለመጀመሪያው ሙሌት 7 ኪሎ ፈጀሁ። ጨውን ወደ ውኃ ጨምሪ እንጂ ውኃን በጨው ላይ አታፍስሺ፤ አለዚያ ካልሲየሙ እንደ ኖራ ይዘቅጥብሻል። በበርሜል ውስጥ ፓምፕ እያማሰለው አንድ ቀን ሙሉ ይደር፤ ከዚያም ጨዋማነትን በሚለካው በሪፍራክቶሜትር ለክተሽ ጥግግቱ ከንጹሕ ውኃ አንጻር 1.025 መሆኑን አረጋግጪ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ትዕግሥትን የሚፈትን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ውኃው ጠርቶ፣ ነጩ አሸዋ ተነጥፎ፣ ድንጋዩ እንደ ዋሻ ተደርድሮ ስታዪው ዓሣውን ዛሬውኑ ልጨምር ያሰኝሻል። ነገር ግን ያ ውኃ ገና ሕይወት የለውም። ዓሣ ከስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ እርሱን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚቀለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ ድረስ ገንዳው ያለ ዓሣ መቆየት አለበት። እኔ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣልሁ ጠበቅሁ። በሁለተኛው ሳምንት የአሞኒያ መመርመሪያው ብልቃጥ ከቢጫ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ፤ አሞኒያው ጣሪያ ነክቶ ነበር። በአራተኛው ሳምንት አረንጓዴው እየገረጣ ሲሄድ የናይትራይቱ ብልቃጥ ወይን ጠጅ ሆነ። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ ስመለከት አንደኛው ንጹሕ ቢጫ፣ ሌላኛው ሰማያዊ ነበር፤ ሁለቱም መርዞች አልቀዋል ማለት ነው። ሰብለ፣ በገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ ሳይኖር እንደዚያ ማለዳ የተደሰትሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልነግርሽ ወደምፈልገው ነገር ልግባ። መጻሕፍቱ ሁሉ የተጻፉት በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ እኛ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን ከ7 ሚሊግራም በታች ነው፤ በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ መጠኑ ወደ 5 ሚሊግራም ይወርዳል። ጨዋማ ውኃ ከጣፋጩ ያነሰ ኦክስጅን መያዙ፣ የሞቀውም ከቀዘቀዘው ማነሱ ሲጨመርበት ዓሣዎቹ የሚኖሩት በጠባብ ወሰን ላይ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው አንድ ፓምፕ በሚያኖርበት እኔ ሁለት አኖርሁ፤ የውኃው ፊት ሁልጊዜ እንዲናወጥም የፓምፖቹን አፍ ወደ ላይ አቀናሁ።

ይህም ሆኖ ባለፈው ነሐሴ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በዚያ ሳምንት ደጋግሞ በመጥፋቱ በባትሪ የሚሠራው የአየር ፓምፕ ባትሪው አልቆ ነበር። ሻማ ለኩሼ ብመለከት ዓሣዎቹ በሙሉ ከውኃው ፊት ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ የስንጥባቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ገንዳውን ከፊትና ከጎን በብርድ ልብስ ሸፈንሁና በፕላስቲክ ጆግ ውኃውን እየቀዳሁ፣ ክንዴን ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርሁ። በእያንዳንዱ ጆግ ላይ ነጭ አረፋ ወደ ታች እየሰመጠ ይበተናል፤ ቀኝ እጄ ሲዝል በግራዬ እቀጥላለሁ። መብራቱ የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። አንዲት ዓሣ ከድንጋዩ ሥር ሞታ አገኘኋትና እጅግ አዘንሁ፤ ሌሎቹ ግን ተረፉ። በማግሥቱ ትልቅ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር ገዛሁ። አንቺ ከዓሣው አስቀድመሽ ይህን ግዢ። ሐዋሳ ከእኛ ዝቅ ያለችና የሞቀች በመሆኗ የማሞቂያው ወጪ ይቀልሻል፤ እዚህ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ሁለት ማሞቂያዎች ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲደግፈው ሁለት መሆናቸው መልካም ነው።

ዓሣዎቹ ከኬንያ በአውሮፕላን የሚመጡ ናቸው። ነጋዴው መጀመሪያ ያቀረበልኝ ሰማያዊ ታንግ የሚባለውን ነበር፤ ውበቱ ዓይን ይስባል፣ ሲያድግ ግን 30 ሳንቲሜትር ስለሚደርስ በእኔ ገንዳ ውስጥ ማኖር በደል መስሎ ታየኝና ተውሁት። የጀመርሁት አሸዋና ድንጋይ በሚያጸዱ ቀንድ አውጣዎችና በትንንሽ ሸርጣኖች ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ በማራቢያ የተፈለፈሉ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ጨመርሁ። እነዚህ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚፈለፈሉት፤ ከሁለቱ የጎለበተው ሴት ይሆናል፣ እርሷ ብትሞት ደግሞ የቀረው ወንድ በተራው ወደ ሴት ይለወጣል። የእኔዋ እመቤት ማዕዘኑን ይዛ፣ እጄን ባስገባሁ ቁጥር ጣቴን ትነክሳለች። ቀጥሎ የመጣው ፋየርፊሽ የሚባለው ዓሣ ዘሎ የመውጣት ልማድ ስላለው ገንዳውን በመረብ ከደንሁት። አዲስ ዓሣ ሁሉ አራት ሳምንት በሌላ ትንሽ ገንዳ ተለይቶ ይቆያል፤ የነጭ ነቁጥ በሽታ አንዴ ከገባ ሁሉንም ያዳርሳልና። የዚያ በሽታ መድኃኒት የሆነው መዳብ ቀንድ አውጣዎቹንና ሸርጣኖቹን ስለሚገድል በትልቁ ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም።

የዘወትሩ ሥራ ብዙ አይደለም። በበጋ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ይተናል፤ የሚተነው ውኃው ብቻ ሆኖ ጨው ስለሚቀር በምትኩ የሚጨመረው ውኃ ጨው የሌለው መሆን አለበት። በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ አሥረኛውን ቀድቼ በአዲስ የጨው ውኃ እተካለሁ።

ከአሰብ በ1990 ዓ.ም. ከወጣን ወዲህ ባሕር አላየሁም፤ አንቺም እንዳላየሽ አውቃለሁ። ለገና በዓል ብትመጪ ቤቴ ቤትሽ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ከገንዳው ፊት ለፊት አልጋ አነጥፍልሻለሁ። በመጣሽበት ቀን እጅሽን ቅባት አትቀቢ፣ ሳሙናም ካለ በንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ ተለቅለቂ፤ እጅሽን እስከ ክንድሽ ነክረሽ፣ ጣትሽን ቀምሰሽ፣ ጣዕሙ ያኔ ከትምህርት ቤት መልስ የምናውቀው መሆን አለመሆኑን አንቺው ትነግሪኛለሽ።

የማትረሳሽ እህትሽ፣
ከሱሉልታ