ከሐሙስ በፊት ደውል

ቀጮ፣

እንደምን አለህ? ባለቤትህ፣ ጎረምሳው፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ?

ሁለት ዓመት ተኩል ዝም ያልኩበትን ሰበብ ልፈልግ ቁጭ ብል የረባ አጣሁ። መጀመሪያ ኔት ጠፋ፤ ይሄ እውነት ነው። ከዚያ ኔት መጣ፣ እኔ ጠፋሁ። ይቅር በለኝ። እዚህ ላይ አንዴ ስደበኝና እንለፈው።

የምጽፍልህ በእናትህ የተነሳ ነው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹ ነው። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ በር ላይ አገኘኋቸው። እጄን ይዘው «ያ አውሎ ነፋስ ከመታቸው ወዲህ የልጄ ድምፅ ልክ አይደለም፤ ላንተስ ምን ይልሃል?» አሉኝ። «ደህና ነው፣ ባለፈው ሳምንት አውርተናል» አልኳቸው። ታቦት በወጣበት ቀን! አልፍሬድ የሚሉት አውሎ ነፋስ በየካቲት 2017 መጨረሻ የአውስትራሊያ ከተማችሁን ጎልድ ኮስትን ሲመታ፣ ያ ሁሉ አሸዋ ተጠርጎ ሲሄድ በቪዲዮ አይቻለሁ። ስልኩን አነሳሁት። ስንት ጊዜ ጠፍቼ በአደጋ ሰበብ መደወል አሳፈረኝና መልሼ አስቀመጥኩት። እንግዲህ እወቀው።

ሌላው ግማሽ አሸዋ ነው።

የባለቤቴ ወንድም አዲስ ሥራ ጀምሯል። ሳቅህ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። አዎ፣ ያው ባለ ዶሮ እርባታው። አሁን ጎርጎራ አጠገብ፣ ጣና ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ እየሠራ ነው። ዳርቻው ጥቁር ድንጋይና ጭቃ ሆነበት። «ቢች የሌለው ማረፊያ ማን ይመጣበታል?» አለና አርባ ቢያጆ አሸዋ አዘዘ። ውኃው አፍ ላይ ሊደፋው።

ይሄኔ ነው ኪራ፣ ያቺ እናንተ ጋ ያለችው በማዕበሏ የታወቀች የባሕር ዳርቻ፣ ትዝ ያለችኝ። ሽማግሌው ጎረቤትህ «ኪራን በአሸዋ ቀበሯት» እያሉ ሲያለቅሱ ያየህ ቀን የጻፍክልኝን ታስታውሳለህ? «ፈረንጅ አሸዋ በዛ ብሎ ሲያለቅስ አየሁ» ብለህ። እኔም ለሰው ሁሉ እያነበብኩ ሳቅኩ። አሁን አልስቅም። ይኸው ሁለት ሳምንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ፣ እናንተ ጋ ሲነጋ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ የባሕራችሁን ዳርቻ በኢንተርኔት ካሜራ አያለሁ። ባለቤቴ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏታል።

አንተ እዚያ እየኖርክ የማታውቀውን ልንገርህ። ከኪራ በስተደቡብ ባለው የትዊድ ወንዝ አፍ ላይ በፈረንጆቹ ከ1962 እስከ 1964 የድንጋይ ግንቦቹን ወደ ባሕሩ አስረዘሙ፣ ጀልባ እንዲያልፍ ብለው። እዚያ ግን አሸዋው ተቀማጭ አይደለም። ማዕበሉ እየገፋ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያስኬደዋል፤ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ካልን ከ30 ሺህ ቢያጆ በላይ ነው። ግንቡ ይህን መንገደኛ አገደው። አሸዋው ከግንቡ ወዲያ ቀረ፣ በሰሜን ያለው የኩላንጋታ ዳርቻ ተራቆተ። የቀረውን ለመያዝ በ1972 ኪራ ላይ ትልቁን የድንጋይ ክንድ ሠሩ። በ2001 ደግሞ ያ ፓምፕ ሥራ ጀመረ፤ ከደቡብ አሸዋውን ከነውኃው መጥጦ፣ በወንዙ ሥር በቧንቧ አሻግሮ፣ ስናፐር ሮክስ የሚሉት ዳርቻ ጋ የሚተፋው።

አስገራሚው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያው አንዱ አሸዋ ስናፐርን አነገሠ፣ ኪራን ቀበረ። ከስናፐር ጀምሮ ሬይንቦው ቤይንና ግሪንማውንትን አልፎ እስከ ኪራ የተያያዘ የአሸዋ ጀርባ ተፈጠረ፤ ሱፐርባንክ አሉት። ቀን የሰጠው ሰርፈር፣ ያ በሳንቃ ማዕበል የሚጋልበው፣ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይነዳበታል። ልጅህ የሚንቀባረርበት እሱ ነው። ኪራ ግን ሀብቷ ጥልቀቷ ነበር። ማዕበሉ በጥልቅ ውኃ ጉልበቱን ይዞ ይመጣና ድንገት አሸዋው ጀርባ ላይ ሲወጣ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። ጥልቁ በአሸዋ ሲሞላ ዳርቻው ወደ ባሕሩ ገፋ። ማዕበሉም ከሩቅ ተሰባብሮ፣ ደክሞት የሚደርስ ሆነ። ማዕበል የሚሰበረው እኮ የውኃው ጥልቀት ከራሱ ቁመት ብዙ የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ ነው። ሰርፈር የሚፈልገው ከአንድ ጥግ ጀምሮ ወደ ጎን እየተጠቀለለ የሚሄደውን ነው። ሥር ያለው አሸዋ ለጥ ካለ ግን ሙሉው በአንዴ እንደ ግንብ ይናዳል። ምን ይጋለባል?

ድንጋዩን ክንድ ደግሞ በፈረንጆቹ 1996 30 ሜትር አሳጥረውት ነበር። ሰፈርተኛው ሲወተውት ኖሮ በ2013 መልሰው አስረዘሙት። ሽማግሌህ ያለቀሱት በከንቱ አልነበረም። ከቻልክ ይቅርታ ጠይቅልኝ። በሕይወት ካሉ።

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። ቅዳሜ በቆላድባ አድርጌ ጎርጎራ ወረድኩ። ከማረፊያው ሃምሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን የሚያሳርፉባት ትንሽ ጥግ አለች። ከሰዓት ነው፣ ነፋሱ ተነስቷል፣ ሐይቁ ዳሩን ይገርፋል። ታንኳው እንጨት ተጭኖ ገና ዳር ሳይደርስ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ወርደው ይጎትታሉ፣ የታንኳው ሆድ አሸዋ ላይ እየተፋተገ የደንገሉ ጫፍ ይፈተላል። ገብቼ አገዝኳቸው። ሲጨርሱ ዱላቸውን ውኃው ውስጥ ተክለው አወጡና እርጥበቱን በጣታቸው አሳዩኝ። ከጉልበት በታች ነው። «ለገና ወገቤ ድረስ ነበር» አሉ።

ሐይቁ በበጋ ይወርዳል፣ አባቴ፣ አልኳቸው። እውነትም ይወርዳል። እኔም እሱ ይሆናል ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር።

«ሐይቁ ሲወርድ የሚተወው ጭቃ ነው» አሉኝ። «ይሄ አሸዋ የማን ነው?»

ዝም አልኩ። ቀጮ፣ ዝም አልኩ። ከላይ «አዘዘ» ብዬ ያለፍኩት ነገር አለ። ሃያው ቢያጆ ከገና በኋላ ተደፍቷል። የተገዛውም በእኔ ዕቁብ ነው። የቤቱን ጣሪያ ልቀይርበት ያልኩት፣ ለባለቤቴ እስካሁን ያልደረሰኝ የመሰላት ዕቁብ። ማንም አላስገደደኝም። ሐይቁ ዳር ነጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓሣ ጥብስ ስበላ ታየኝና ሰጠሁት። ደለል ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የጎንደር ልጅ ከማን ይማራል? አንገረብ ግድብ አጠገባችን አይደል?

የተደፋው ክምር አሁን ግማሽ አይሆንም። ነፋሱ በሚመታበት በኩል ተሸርሽሮ ወደ ሽማግሌው ጥግ ሄዷል። ለባለቤቴ ወንድም ስነግረው ምን አለኝ መሰለህ? «ታዲያ ይጨመርበታ! ጎልድ ኮስት እንኳ በየዓመቱ ይጨምር የለ እንዴ!» ያንን ያወራሁለት እኔው ነኝ። በገዛ ምላሴ ታሰርኩ።

እና እንዲህ አድርግልኝ። ቀሪው ሃያ ቢያጆ ሐሙስ ይደፋል። እኔን አይሰማኝም። የአውስትራሊያ ቁጥር ሲያይ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ ነው የሚያወራው። የኪራን ነገር ንገረው። ፓምፑ 24 ዓመት ሙሉ ያልቆመው ለምን እንደሆነ ንገረው፤ አንዴ ደፍቶ የሚገላገሉት ነገር እንዳልሆነ። ከፈለግክ ጎረምሳውን አቅርብለት፣ ማዕበሉን ከአንተ የበለጠ ያውቃል። አንተማ ቀሃ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበትህ ገብተህ «ሰመጥኩ» ያልክ ሰው ነህ። ብሩን መልስ አትበለው፣ ቀልጧል። ሽማግሌውን እኔ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። ምን እንደምላቸው ግን... እንጃ።

በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደውልለት፣ እናንተ ጋ ከሥራ መውጫ ነው። ቆላድባ ቡና እየጠጣ ስለሚሆን ያነሳል።

ከእሱ በፊት ግን ለእናትህ ደውል። ባለፈው ሳምንት አውርተናል ብያለሁ፤ አደራህን እንዳታጋልጠኝ።

ያው እኔው
ጎንደር፣ የካቲት 2018