የእንግሊዙ የነጥብ ክርክርና የእኛ ነገር

ለተከበራችሁ የደብረ ማርቆስና የአካባቢው አባሎቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ስብሰባ ስለ እንግሊዝ አገር የአካል ጉዳተኞች ድጎማ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። እነሆ ባጭሩ።

እዚያ ድጎማው በነጥብ ነው። መታጠብ፣ መልበስ፣ ማብሰል፣ መብላት የመሳሰሉት አንድ በአንድ ይመዘናሉ፤ ችግሩ ሲብስ ነጥቡ ይጨምራል። ለዕለት ኑሮ ክፍያ በድምሩ 8 ነጥብ ይበቃል። በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2017 መንግሥት አዲስ ሐሳብ አመጣ፤ ቢያንስ በአንዱ ሥራ ላይ 4 ነጥብ የሌለው አይከፈለውም አለ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለአራቱም ሥራ ትንሽ ትንሽ እርዳታ የሚፈልግ ሰው፣ ሁለት ሁለት እየያዘ 8 ቢሞላም ባዶ እጁን ሊቀር ነበር። የመንግሥቱ የገዛ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ሳይቀሩ አመጹ። በሰኔ መጨረሻ ሐሳቡ ከሕግ ረቂቁ ወጣ። አመዛዘኑም አካል ጉዳተኞች ባሉበት እንደገና እንዲታይ ተባለ።

እኛ ዘንድ ነጥብ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ድጋፉን የሚለው አቅም በፈቀደ መጠን ነው። በሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም መሥራት ለማይችሉ ያለ ሥራ በሚሰጠው፣ ማን ይግባ የሚለውን የሚመለከተው የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ሰፈርተኛ ስለሚያውቀን ጥሩ ነው፤ ግን «ቆሞ ይሄድ የለ፣ ምን ጎደለው?» የሚባል አባልም አለን። ለእኔ ይህ ሰው ከእንግሊዙ ባለ 8 ነጥብ አይለይም።

ስለዚህ ከድጋፉ ዝርዝር የቀራችሁ፣ በቀን ውስጥ ምን ምን ሥራ ያለ ሰው እርዳታ እንደማይሆንላችሁ ጽፋችሁ ለቀጣዩ ስብሰባ አምጡ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። ከደጀንና ከቢቸና መምጣት የሚከብዳችሁ በስልክ ይበቃል።