ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና፦ ለመንገዱ በጀት አለ፤ ለጉዞውስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ ከተማ ሳይከማቹ በሆሳዕና፣ በወራቤ፣ በቡታጅራ፣ በወልቂጤና በሌሎችም ከተሞች ተደለደሉ። አገልግሎትን ለሕዝብ የሚያቀርብ ውሳኔ ስለሆነ እንደግፈዋለን። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ወራቤ ያለ የሆሳዕና ሰው፣ ወይም ለሥራ ሆሳዕና የተጠራ የቅበት መምህር፣ በምን ተሳፍሮ በዕለቱ ደርሶ ይመለሳል? ይህ ዛሬም ለተራና ለዕድል የተተወ ነው።

ከቡታጅራ ሆሳዕና መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ምሥራቅ ጉራጌ፣ ስልጤና ሀዲያ የሚባሉ ሦስት ዞኖች አሉ፤ ወራቤ በመካከሉ ናት። መናኸሪያውም ስምሪቱም የየራሳቸው ነው። መኪናው በብዛት የሚጭነው ለአዲስ አበባ ነው፤ ከሆሳዕና ሞልቶ የወጣ መኪና ደግሞ ፎንቆ ላይ ለቆመ ሰው ወንበር የለውም። ወንበር ቢኖር እንኳ መንገድ ላይ የሚወርደው ተሳፋሪ እስከ መጨረሻው ያለውን ሒሳብ ክፈል ይባላል። ሾፌሩ እንዲህ የሚለው ወንበሩ ከዚያ በኋላ ባዶ ይሄድብኛል ብሎ ነው። ትክክል ባይሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቁጣና በቅጣት ብቻ ያልቆመውም ለዚህ ነው።

የችግሩ ሥር ታሪፉ የሚሰላበት መንገድ ላይ ነው። ታሪፍ በኪሎ ሜትርና በወንበር ይወጣል፤ የሚያዋጣው መኪናው ሞልቶ ሲወጣና በቀን ደጋግሞ ሲመላለስ ብቻ ነው። ከወራቤ ሆሳዕና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እንበል። ተራ ቶሎ የሚደርስለት ሚኒባስ በቀን 3 ደርሶ መልስ ሠርቶ 360 ኪሎ ሜትር ይነዳል። እስኪሞላ አራትና አምስት ሰዓት የሚቆመው ግን አንዱን ደርሶ መልስ ብቻ ሠርቶ 120 ኪሎ ሜትር ላይ ያድራል። ኢንሹራንሱ፣ የሾፌርና የረዳት አበሉ፣ የመኪናው እርጅናና የባንክ ዕዳው ተደምሮ በቀን 3,000 ብር ነው ብንል (ቁጥሩ ለምሳሌ እንጂ ጥናት አይደለም) በመጀመሪያው ሁኔታ በኪሎ ሜትር 8 ብር ከ33 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 25 ብር ይሆናል። ነዳጅና ጎማ ገና አልተነኩም። እንግዲህ ባለንብረቱ መኪናውን ወደ ረጅሙ መስመር ቢያዞር አይፈረድበትም።

የመንግሥት ገንዘብ እዚህ ቦታ የት አለ? መንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ተቋቁሞ ከነዳጅ ሽያጭና ከተሽከርካሪ ክፍያ የሚሰበስበውን ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ያውላል፤ አስፋልቱ ላይ የሚሄደውን አገልግሎት ግን አይመለከትም። በሐምሌ 2014 የተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ የሕዝብ ማመላለሻውን ቢያግዝም የተሰላው በሚቀዳው ነዳጅ ልክ ስለነበረ ብዙ የነዳው ብዙ አገኘ፤ ተሳፋሪ ጠብቆ የቆመው ትንሽ ደረሰው። በትንንሽ ከተሞች መካከል ላለ፣ ተሳፋሪው ጥቂት ለሆነ መስመር የታሰበ የበጀት ርዕስ በወረዳም በዞንም ቢፈለግ አይገኝም።

የምንጠይቀው አውቶቡስ ተገዝቶ እንዲሰጥ አይደለም። በልገሳ የመጣ አውቶቡስ ጎማ ሲያልቅበት የወረዳ ግቢ ውስጥ ቆሞ መቅረቱን ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ መግዣ እንጂ ማንቀሳቀሻ በጀት አልተያዘለትምና። የሚያስፈልገው በሰዓት ለሚወጣ ጉዞ የሚሰጥ የገቢ ዋስትና ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከወራቤም ከሆሳዕናም፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት እንዲሁ ከሁለቱም ጫፍ፣ ቢሞላም ባይሞላም አንድ አንድ ሚኒባስ ይውጣ። ከ12ቱ ወንበር ከ8 በታች ይዞ ከወጣ እስከ 8 ያለውን ልዩነት ሦስቱ ዞኖች የሚያዋጡት የጋራ ፈንድ ይከፍላል፤ ከ8 በላይ የጫነው የራሱ ነው። ጣሪያው 12 ቢደረግ ሾፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ ሰው የሚጭንበት ምክንያት ያጣል፤ 5 ቢደረግ ማንም አይመዘገብም። በገበያ ቀን ዋስትናው ይቆማል፤ ያን ቀን መኪናው በራሱ ይሞላል።

ወጪውን በምሳሌ እናሳይ። በቀን 4 ጉዞ፣ በያንዳንዱ በአማካይ 3 ወንበር ቢጎድል፣ ታሪፉም 150 ብር ቢሆን፣ በቀን 1,800 ብር ነው። ገበያና በዓል ተቀንሶ 300 ቀን ቢሠራ በዓመት 540,000 ብር ይመጣል። አንድ ሚኒባስ ሚሊዮኖች በሚያወጣበት ዘመን ይህ የሚከብድ ገንዘብ አይደለም። የወራቤ–ቡታጅራ መስመርም በዚሁ ቀመር ይሰላል።

ቁጥሩን ለማግኘት ግን ቆጠራው መስተካከል አለበት። መናኸሪያ የሚመዘግበው የወጣውን ነው፤ ጠብቆ የተመለሰውን የሚመዘግብ የለም። ስለዚህ የተሳፋሪ ቁጥር አነስተኛ ይመስላል፣ አነስተኛ ስለሚመስልም መኪና አይመደብም። ለዚህ የሚበቃው አራት ዓምድ ያለው ወረቀት ነው፦ ሰውየው የመጣበት ሰዓት፣ መድረሻው፣ የተሳፈረበት ሰዓት፣ ካልተሳፈረ የሄደበት ሰዓት። መድረሻው ከሰውየው አፍ ይጠየቅ እንጂ ከመኪናው ታፔላ አይገልበጥ። በጥር አንድ ሳምንት፣ በነሐሴ አንድ ሳምንት፣ ከመናኸሪያው በር በተጨማሪ በፎንቆና በቅበት መንገድ ዳር ይቆጠር። ክረምቱን ትቶ በበጋ ብቻ የቆጠረ ዕቅድ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ይፈርሳል።

መዋጮውን በሕዝብ ብዛት ማከፋፈል ለጠብ ይዳርጋል፤ ብዙ ሕዝብ ያለው ዞን ብዙ ይሳፈራል ማለት አይደለም። ግማሹ በየዞኑ በተሳፈረው ሰው ቁጥር፣ ግማሹ በየዞኑ ወሰን ውስጥ ባለው የመስመር ርዝመት ቢከፈል ሁሉም የሚከፍልበትን ያያል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ አስፐን፣ ካርቦንዴልና ግሌንውድ ስፕሪንግስን ጨምሮ በአንድ ሸለቆ የሚገኙ ትናንሽ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዝብ ድምፅ የጋራ የትራንስፖርት ባለሥልጣን አቋቁመዋል። ከሽያጭ ግብር የሚያዋጡት መቶኛ እንደየከተማው ይለያያል፤ ኒው ካስል የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ተጨምራለች። ያ አካባቢ በቱሪስት ገንዘብ የበለጸገ ስለሆነ የግብሩን ልክ ልንቀዳ አንችልም፤ እኩል ያልሆነ መዋጮ በአንድ ማኅበር ውስጥ መቻሉን ግን ያሳያል። የዚያው አገር ፌዴራል መንግሥት ከ50,000 ሕዝብ በታች ላላቸው አካባቢዎች የሚሰጠው ድጋፍም ለግዢ እስከ 80 በመቶ፣ ለማንቀሳቀሻ ጉድለት ደግሞ እስከ 50 በመቶ ይሸፍናል። ማንቀሳቀሻ የመንግሥት ድርሻ ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ ሕግ ሆኗል።

ሥራው የት ሊበላሽ እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ ይሻላል። አንደኛው ያልተሠራ ጉዞ እንደተሠራ ሆኖ መመዝገቡ ነው፤ የመነሻው መናኸሪያ ማኅተም ያለ መድረሻው ማኅተም ክፍያ እንዳያስገኝ ቢደረግ ይቀንሳል፣ ጂፒኤስ ካለ ይበልጥ ጥሩ። ሁለተኛው የተራ አስከባሪዎች ቅሬታ ነው። ገቢያቸው መኪና ሲወጣ ከሚከፈለው መውጫ ስለሆነ ያለ ተራ የሚወጣ መኪና ይጎዳቸዋል፤ ስለዚህ በሰዓት የሚወጣው መኪናም መውጫውን እንደሌላው ይክፈል። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ክፍያ መዘግየት። ሾፌር ለነዳጅ የሚከፍለው ዛሬ ነው፤ ሦስት ወር የዘገየ ዋስትና ዋስትና አይባልም። የወረዳና የዞን ገንዘብ በሩብ ዓመት እየተለቀቀ የሚመጣ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሩብ መዋጮ አገልግሎቱ ሳይጀመር በጋራ የባንክ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት፤ ክፍያውም በየሳምንቱ ይፈጸም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ረቂቁ የሚዘጋው ከዚያ አስቀድሞ ነው። የሦስቱ ዞኖች የትራንስፖርት መምሪያዎች ከግንቦት በፊት ቢገናኙ የሚወስኑት ሦስት ነገር ነው፦ የጋራ ሒሳቡን ማን ማን ይፈርምበታል፣ የቆጠራውን ወረቀት ማን ያሳትማል፣ የመጀመሪያው መስመር ወራቤ–ሆሳዕና ይሁን ወይስ ወራቤ–ቡታጅራ። እኛ ከወራቤ–ሆሳዕና እንዲጀመር እንመክራለን፤ ከሁለቱ ረጅሙ፣ መኪናም የሚጠፋበት እሱ ነውና።

ከአክብሮት ጋር
የትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያዎች