የትኛው እየሞተ እንደሆነ መዝግቡልን

ለአማራ ክልል የአካባቢና ደን ጥበቃ ባለሥልጣን

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በዜና እንሰማለን። ደስ ይላል፤ እኛም ወጥተን ተክለናል። ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። በጎንደር ዙሪያ ካለው ተፈጥሮ የትኛው ደህና ነው? የትኛው ተዳክሟል? የትኛውስ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው? ይህን አንድ ዜጋ ገልጦ የሚያይበት መዝገብ ያስፈልገናል።

አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ደቡብ ጎንደር ካሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ከሩቅ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። ገብታችሁ ግን ቀና ከማለት ይልቅ ወደ መሬት ተመልከቱ። ጥዱና ወይራው አርጅቷል። ከሥሩ ሊተካው የሚገባው ቡቃያ ብዙ ቦታ ላይ የለም፤ ከብት ግጦታል፣ እግር ረግጦታል። ጠርዙን ባሕር ዛፍ ይዞታል። ከላይ በሳተላይት ያየ ሰው ደኑ አልተነካም ይላል። ስፋቱም እውነት አልቀነሰ ይሆናል። ግን ወራሽ የሌለው ቤት ሆኗል። መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምዕመናኑ ጋር የደከሙበት የድንጋይ ካብ አለ፤ ከብት ሲከለከል ቡቃያው ይመለሳል። ግን የቱ ደን ካብ ቶሎ እንደሚያስፈልገው በምን እናውቃለን?

ቆላው ላይም ያው ነው። መተማና ቋራ ትልልቅ የዕጣን ዛፎች ቆመዋል። ከእሳትና ከግጦሽ ተርፎ የሚያድግ ወጣት ዛፍ ግን ብርቅ ነው። በዚያ ላይ የሰሊጥ እርሻው እየገፋ ይመጣል።

ጣና ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እምቦጭ ሐይቁ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እሱም ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው! ደንገሉ እየተመነጠረ፣ ረግረጉ እየታረሰ፣ እምቦጩ ዳርቻውን ሲይዝ፣ አረንጓዴ ብቻ የሚቆጥር ሰው ምንም አይታየውም። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የጣና ዓሣዎች አሉ። ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ስለዚህ ሐይቁን ለብቻ፣ ወንዙን ለብቻ፣ ረግረጉን ለብቻ ማየት አያዋጣም።

ዘዴው አለ፤ እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ለሥነ ምህዳሮች፣ ማለትም እንደ ደን፣ ረግረግና ሐይቅ ላሉት ከነሕያዋናቸው፣ የአደጋ ደረጃ መስፈርት አጽድቋል። አንድ ሥነ ምህዳር በ50 ዓመት ውስጥ ስፋቱ 30 በመቶ ከቀነሰ ለአደጋ ተጋልጧል ይባላል። 50 በመቶ ከሆነ አደጋ ላይ ነው። 80 በመቶ ከደረሰ እጅግ አስጊ ነው። መስፈርቱ ከስፋት ሌላ የውስጡን ጤናም ይጠይቃል። አፈሩ፣ ውኃው፣ የሕያዋኑ መተካካት እንዴት ነው ይላል። ለእኛ ደኖች የሚበጀው ይኼኛው ነው። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት በበኩሏ የየአካባቢውን ሥነ ምህዳር በካርታ ለይታ ደረጃውን በሕግ አስራዋለች። ከቀድሞ ስፋቱ 10 በመቶ ያልሞላው የቀረ አደጋ ላይ ያለ ይባላል። ገበሬም ባለሀብትም መሬት ከመመንጠሩ በፊት ካርታውን ያያል።

የድሮውን ከየት እናመጣለን እንዳትሉ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰሜን ኢትዮጵያን ከአየር ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ምስሎችም ለሕዝብ ተለቀዋል። ከሁሉም በላይ ዝግባው የት እንደነበረ በጣታቸው የሚያሳዩ ሽማግሌዎች በየቀበሌው አሉን። እነሱን መጠየቅ ግን አሁን ነው፤ ዕድሜ አይጠብቅም።

ደረጃ ማውጣት ወረቀት ብቻ ነው የሚል ካለ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ይመልከት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። መንገድ ተቀየረ፣ ግጦሽን ለመቀነስ ዕቅድ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል፤ ያ ትልቅ ዋጋ ነው፣ ሊረሳም አይገባም። ቀደም ብሎ ተመዝግቦና ተመክሮበት ቢሆን ዋጋው ይቀል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የጎንደር ዞኖችን ሥነ ምህዳሮች በዓይነት ለዩልን፤ ከስሜን ጓሳና ጅብራ እስከ አልጣሽ ቆላ። ለእያንዳንዱ የድሮውን ስፋት፣ የአሁኑን፣ የውስጡን ጤናና የአደጋ ደረጃውን ጻፉ። በየአምስት ዓመቱ አድሱት። ደረጃው ሲወርድ ማን ምን እንደሚያደርግ አብሮ ይጻፍ። መዝገቡ በመሳቢያ አይቆለፍ፤ በየወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በአማርኛ።

ሁሉን ባንዴ ማለቴ አይደለም። ከጣና ዳርቻ ረግረግ ጀምሩ፣ ከደንቢያ እስከ ፎገራ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ቅርብ ናቸው። ዓሣ አጥማጆቹና ታንኳ ሠሪዎቹም የሚያውቁትን ይነግሯችኋል፤ ጥሯቸው። መቼ እንደምትጀምሩ ቀኑን በይፋ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጎንደር ነዋሪ