ለልጄ፣ ከደጅ ስለመለስኳት ልጅ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሏል። አዌቱ ሞልቷል፣ የሰፈራችን ጭቃ ባጃጅ እንኳ አላስገባ ብሏል። አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ደህና ነው።

እሁድ ስትደውይ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከአዳር ሥራ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ፣ በሱሪሽ ላይ ነጠላ ደርበሽ፣ ገና ደጁን ሳትሳለሚ አንዲት ሴትዮ ክንድሽን ይዛ መለሰችሽ። "ከእንግዲህ አልሄድም እማዬ" አልሽ። እኔም "ተያት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች የትም አይጠፉም" ብዬ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፈርኩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ካልኳቸው ውስጥ እኔም አለሁበት።

አንቺ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ ነው። ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት። የማኅበራችን ሴቶች በር ላይ ቆመን ሥርዓት እንድናስከብር ተመድበን ነበር። አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያቺ ባጅ ደስ ብላኝ ነበር። ዝናቡ ያካፋል። አንዲት ልጅ መጣች፤ ካንቺ ብትበልጥ በአንድ ሁለት ዓመት ነው። ጥቁር ሱሪ ለብሳ ራሷ ላይ ሻሽ ጣል አድርጋለች። "ይሄ መናፈሻ መሰለሽ እንዴ? እንደዚህ ተለብሶ አይገባም!" አልኳት። ጮክ ብዬ፣ ሰው እንዲሰማልኝ ጭምር። "ይቅርታ እማማ" አለችና ዞራ ቁልቁል ወረደች።

እግሯን ያየሁት ያኔ ነው። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ብርድ፣ በባዶ እግሯ ነበር የመጣችው። እኔ ቦት ጫማዬን እንዳደረግኩ ነኝ።

ልጠራት አሰብኩ፣ አልጠራኋትም። ባጅ አንጠልጥዬ በሰው ፊት "ተሳስቻለሁ" ማለት ከበደኝ። ማን እንደሆነች፣ ስለት ይዛ ይሁን ኀዘን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ አራዳም መርካቶም ጥቁር ሱሪ የለበሰች ልጅ ባየሁ ቁጥር ፊቷን ለማየት እፈጥን ነበር። ሞኝነት ነው፤ ጅማ ውስጥ ስንት ጥቁር ሱሪ አለ!

ማታ ለአባትሽ ነገርኩት። ታውቂው የለ፣ ሁሉንም ነገር ወደ ቡና ይወስደዋል። "ጀንፈሉን ሳትፈለፍይ ዋጋ ቆረጥሽበት በይኛ" አለና ተኛ። እኔ እንቅልፍ ከየት ይምጣ።

ሴትዮዋ ዘዳግም ጠቅሳልኝ ብለሻል። 22፥5፣ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ የሚለውን። እኔም ያቺን ቁጥር በቃሌ ነበር የማውቃት። ከፊትና ከኋላዋ ያለውን ግን አንብቤው አላውቅም ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ መጽሐፉን ገለጥኩ። ስድስት ቁጥር ወረድ ስትዪ፣ ሱፍና የተልባ እግር የተቀላቀለበት ልብስ አትልበስ ይላል። የማንም ኮት ጨርቁ ሲመረመር ግን አላየሁም፣ የዲያቆናቱም ቢሆን።

ገጹን ስትገልጪ ደግሞ ምዕራፍ 23 ይጀምራል። ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። እዚህ ላይ ቆምኩ። ጃንደረባ? የኛው ጃንደረባ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው፣ የንግሥት ሕንደኬ ሹም፣ ሊሰግድ ከኢትዮጵያ ኢየሩሳሌም ድረስ የሄደው? ስሙን እየጠራን የምንኮራበት ሰው፣ በዚያ ሕግ ከሆነ፣ ከጉባኤው ደጅ የሚመለስ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፣ ምዕራፍ 53ን። የነፍስ አባታችንን ብጠይቃቸው ፈገግ አሉና "ትንሽ ገፋ አድርገሽ 56ን አንብቢ" አሉኝ። እዚያ እግዚአብሔር ለጃንደረቦች በቤቴ ስም እሰጣቸዋለሁ ይላል። ያው ሰውዬው ይዞት በነበረው መጽሐፍ ውስጥ!

ወንጌል ሰባኪው ፊልጶስ ሮጦ ነው የደረሰበት። መጀመሪያ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ነው። ከዚያ ሰረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ውሃ ጋ ሲደርሱ ጃንደረባው "እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" አለ። ይህች ጥያቄ ለእኔ ከዚህ በፊት ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ትመስለኛለች። የራሴ ግምት ናት፣ ለመምህራኑ እንዳትነግሪብኝ።

ሥርዓት አያስፈልግም እያልኩሽ አይደለም። እኔ ነጠላዬን መስቀለኛ ሳልለብስ ቅዳሴ አልቆምም። አንቺም ሲመችሽ ቀሚስ ልበሺ። ግን ማስተማርና ማባረር ለየቅል ናቸው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ቡና ስታፈላ ትዝ ይልሻል? የመጣውን ሁሉ በርጩማ ስባ ታስቀምጠዋለች። ጭቃውን የምትጠርገው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

አምና ማኅበሩ ላይ ሐሳብ አቀረብኩ። በሩ አጠገብ የታጠበ ነጠላና ጉርድ ቀሚስ በሣጥን እናስቀምጥ፣ ሳይዝ የመጣ ለብሶ ይግባ፣ ሲወጣ ይመልስ አልኩ። "ደግሞ ልብስ ቤት ልንከፍት ነው?" ያሉ ነበሩ። ለማንኛውም ስድስት ነጠላ ሰበሰብን። ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም። ጸሐፊያችን በየስብሰባው ታነሳዋለች። እኔ ደግሞ ምናልባት አንዷ ልጅ ለብሳው እየመጣች ይሆናል እያልኩ ዝም እላለሁ።

ሂጂ ብዬ አላስገድድሽም። ትልቅ ሰው ነሽ። ያቺን ሴትዮ ግን አትርገሚያት፤ እንቅልፍ አጥታ እንደሆነስ?

ሐሙስ በአውቶቡስ ሁለት ኪሎ ቡናና ነጠላ ልኬልሻለሁ። ቀጭን ናት፣ ተጣጥፋ ቦርሳሽ ውስጥ ትገባለች፤ ከሥራ በቀጥታ ስትሄጂ ትሆንሻለች። ጥለቷ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ተተርትሯል፣ መርፌ አስነኪው። ቡናውን አባትሽ ራሱ ለቅሞታል፣ ስትቆዪው አታሳርሪው ብሏል።

እናትሽ
ከጅማ