የተራራው ነዋሪ ከቁፋሮው ምን ደረሰው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ሳነቴ አምባ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። በዚያው ተራራ ስላለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ የሚነሳው ግን ጥቂት ነው።

ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በዚህ ዋሻ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ባለሙያዎች ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ እንደኖሩበት፣ ፍልፈል እየጠበሱ እንደተመገቡና ለመሣሪያቸው የሚሆን ባልጩት ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነ ስፍራ ያመጡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆኗል። ግኝቱ ሊያኮራን ይገባል። ነገር ግን ዛሬም በዚያ ብርድ ከብት እያረባና ገብስ እየዘራ የሚኖረው ሰው ከዚህ ሁሉ ምን አገኘ?

የመስክ ጥናት ለነዋሪው ሊተርፍ እንደሚችል በፔሩ ተራሮች ታይቷል። አርኪዮሎጂስቷ አን ኬንዳል እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በኩስኮ አካባቢ፣ በኩሲቻካ ሸለቆ የኢንካዎችን ፍርስራሽ ያጠኑ ነበር። ደርቀው የቆዩትን የጥንት ቦዮችና እርከኖች አሠራር ከተረዱ በኋላ ግን ጽሑፋቸውን ይዘው በመመለስ አልተወሰኑም፤ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆነው ጠገኗቸው። ጥገናው ከሲሚንቶ ይልቅ በአካባቢው ድንጋይና ጭቃ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ቦዩ ሲሰነጠቅ ገበሬው ከሩቅ ማንንም ሳይጠብቅ ራሱ ሊያድሰው ይችላል። ለእኔ የሥራው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ቁፋሮ የገለጠው ዕውቀት ውኃ ሆኖ ማሳ ገብቷል።

እርግጥ ፊንጫ ሀበራ የሚጠገን ቦይ የለውም። በኮንሶም ቢሆን እርከኑን እስከ ዛሬ ባለቤቱ ስለሚጠብቀው፣ ተመራማሪው ከገበሬው የሚማረው ይበዛል። ሆኖም ለቁፋሮ በቀን ሠራተኛነት የሚቀጠሩ የባሌ ወጣቶች ሥራው ሲያልቅ ባዶ እጃቸውን ከሚቀሩ፣ በዋሻ ጥበቃና በአስጎብኚነት የሚዘልቅ ሙያ ቢያገኙ፣ ውጤቱም በኦሮምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለአካባቢው ተማሪዎች ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው።

ቁፋሮ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ተመራማሪ ለነዋሪው የሚያደርገውን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ከአገር ከመውጣቱም በፊት ያገኘውን ለቀበሌው ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ እንዲያስረዳ እንዲያስገድድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ